ከጉድጓድ እስከ ስያሜ፦ የጅማን ቀይ አፈርና ዋልካ ለመመርመርና ለመመደብ የሚያገለግል ዝርዝር መመሪያ

ከአንድ ጉድጓድ የወጣ አንድ ከረጢት ቀይ አፈር ለሁለት ባለሙያዎች ተከፍሎ ቢሰጥና አንዱ ሊኩዊድ ሊሚቱን (ጭቃው ፈሳሽ መሆን የሚጀምርበትን የእርጥበት መቶኛ) 68፣ ሌላው 55 ብሎ ቢመልስ፣ ጣት የሚቀሰረው ብዙውን ጊዜ በመሣሪያው ላይ ነው። መሣሪያው ግን ሊጠረጠር የሚገባው በመጨረሻ ነው። በጅማና በአካባቢዋ አፈር ላይ የሚሠሩ ምርመራዎች በአብዛኛው የሚበላሹት ናሙናው ሚዛን ላይ ከመውጣቱ በፊት፣ በአጓጓዝ፣ በአደራረቅና በአፈጫጨት ወቅት ነው። ስለዚህ ወደ ቁጥሩ ለመድረስ የቸኮለ ሰው እንኳ የመጀመሪያዎቹን አራት ደረጃዎች እንዳይዘል አጥብቄ አሳስባለሁ።

ከቁፋሮ እስከ ስያሜ ቢያንስ አምስት የሥራ ቀናት ያስፈልጋሉ። ይህንን ለአሠሪዎ አስቀድመው ይንገሩ። በሁለት ቀን ውስጥ ውጤት ቃል የገባ ሰው ከመዘፍዘፊያው ወይም ከማሳደሪያው ሰዓት መቀነሱ አይቀርም።

ከመነሳትዎ በፊት፦ ምን ዓይነት አፈር እንደሚያጋጥምዎ ይገምቱ

የጅማ አፈር በአብዛኛው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ መበስበስ የተገኘ ነው። ወደ ጅሬን በሚወጣው ተዳፋት ላይ ቀይና ቀይ ቡናማ አፈር ይበዛል፤ ወደ ቦዬ ረግረግ በሚወርደው ሜዳና በአዌቱ ወንዝ ዳር ባለው ዝቅተኛ ቦታ ደግሞ ግራጫና ጥቁር አፈር፣ እኛ ዋልካ የምንለው፣ ያጋጥማል። በሁለቱ መካከል ባለው የተዳፋት ግርጌ ከላይ የታጠበ ቀይ አፈር ዋልካውን ሸፍኖት ሊገኝ ስለሚችል፣ የመሬቱን ገጽ ብቻ አይቶ «ቦታው ቀይ ነው» ብሎ መደምደም አይገባም።

እነዚህ ሁለት አፈሮች የሚያሳስቱበት መንገድ ይለያያል። ቀዩ አፈር ደቃቅ ቅንጣቶቹን የብረት ኦክሳይድ አጣብቆ ስለሚይዛቸው ከእውነተኛ መጠኑ ይልቅ ሸካራ መስሎ ይታያል፤ ከደረቀም በኋላ ውኃ ቢጨመርበት ወደ ቀድሞ ጠባዩ ላይመለስ ይችላል። ዋልካው ደግሞ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ውኃን እስከ ውስጡ ለመቀበልም ረጅም ሰዓት ይፈልጋል።

## ደረጃ 1፦ ናሙና ማውጣት

1. ጉድጓዱን መሠረቱ ከሚያርፍበት ጥልቀት በታች ድረስ ይቆፍሩ። የላይኛውን ሥርና ብስባሽ ያለበትን አፈር ለብቻው ያስወግዱ እንጂ ከናሙናው ጋር አይቀላቅሉ።
2. የጉድጓዱን አንድ ግድግዳ በአካፋ ፍቀው አዲስ ገጽ ያውጡ። ቀለሙ ወይም ጥንካሬው የተለወጠበትን ጥልቀት ሁሉ በሜትር ለክተው ይመዝግቡ።
3. ናሙናውን ከላይ ወደ ታች ሳይሆን ከአንድ ንብርብር ብቻ ይውሰዱ። ሁለት ንብርብር የተቀላቀለበት ከረጢት የማንንም አፈር አይወክልም።
4. ለምደባ ብቻ ከሆነ 5 ኪሎ ግራም ይበቃል፤ የመጠቅጠቅ ምርመራም የሚሠራ ከሆነ 30 ኪሎ ግራም ያህል ይያዙ።
5. ለእርጥበት የሚሆነውን አንድ ጭብጥ ያህል አፈር ወዲያው ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ይክተቱና አፉን በፕላስተር ያሽጉ።
6. ዋናውን ናሙና በወፍራም ፌስታል ሁለት ጊዜ ጠቅልለው አፉን ካሰሩ በኋላ ማዳበሪያ ውስጥ ይክተቱት። ማዳበሪያ ከረጢት ብቻውን እርጥበት አይይዝም።
7. መለያ ወረቀት አንድ ከውስጥ፣ አንድ ከውጭ ያድርጉ። የውስጡ በእርሳስ ይጻፍ፤ እስክሪብቶ በእርጥብ አፈር ውስጥ ይፈስሳል። የጉድጓዱ ቁጥር፣ ጥልቀቱ፣ ቀኑና ቀለሙ ይኑርበት።

ማስጠንቀቂያ። ግድግዳው ያልተደገፈ ጉድጓድ ከደረት በላይ ከጠለቀ ማንም አይግባበት። የወጣው አፈር ከአፋፉ ቢያንስ አንድ ሜትር ርቆ ይከመር። ጅማ ዝናቧ ረጅም ወራት የሚዘልቅ ከተማ በመሆኗ በተለይ ከሰኔ እስከ መስከረም ትናንት ጸንቶ የቆመ ግድግዳ ዛሬ ሊናድ ይችላል።

ጉድጓዱ ውኃ ካቋተ። ከታች ከተጠራቀመው ጭቃ አይውሰዱ፤ ደቃቁ ክፍል ታጥቦ ተለይቷል። ውኃውን ቀድተው ካወጡ በኋላ ከግድግዳው ውስጥ አንድ ስንዝር ያህል ገብተው ያልተነካውን ይውሰዱ፤ ውኃው የታየበትን ጥልቀትም ይመዝግቡ።

## ደረጃ 2፦ በእጅ መለየት

ይህ ደረጃ አሥር ደቂቃ ይወስዳል፤ በኋላ የሚወጣው ቁጥር ስህተት ሲኖርበት የሚያጋልጠውም እሱ ስለሆነ የሚናቅ አይደለም። ጠጠርና ሸካራ አሸዋውን ለቅመው ካስወገዱ በኋላ በሚከተለው ቅደም ተከተል ይሥሩ።

1. የመንቀጥቀጥ ፍተሻ። የእንቁላል አስኳል የሚያህል እርጥብ አፈር በመዳፍዎ ላይ ያኑሩና በሌላው እጅዎ የመዳፉን ጎን ደጋግመው ይምቱ። ሲልት (ከአሸዋ የደቀቀ፣ ከሸክላ የሻከረ አፈር) ከሆነ ውኃው ወደ ላይ ወጥቶ ገጹ ያብለጨልጫል፤ ጨመቅ ሲያደርጉት ብልጭታው ይጠፋል። ሸክላ (እጅግ ደቃቅ፣ የሚጣበቅ አፈር) ከሆነ ምንም ያህል ቢመቱት ገጹ አይለወጥም።
2. የመጠቅለል ፍተሻ። አፈሩን እንደ ሊጥ አሽተው በቀጭኑ ያድቦልቡሉት። ሊሰባበር ሲቃረብ በጣቶችዎ መካከል ጠንክሮ የሚገዳደር ከሆነ ሸክላነቱ ከፍ ያለ ነው፤ ለስላሳና ልፍስፍስ ከሆነ ወደ ሲልት ያደላል።
3. የደረቅ ጥንካሬ ፍተሻ። ትንሽ ኳስ ሠርተው በአየር ያድርቁ። በጣት ተጭነው ወደ ዱቄት የሚለወጥ ሲልት ነው፤ በአውራ ጣትና በጠረጴዛ መካከል እንኳ የማይሰበር ከፍተኛ ፕላስቲክነት (እንደ ሊጥ የመቦካት ጠባይ) ያለው ሸክላ ነው።
4. ሽታና ቀለም። ከቦዬ በኩል የመጣ ጥቁር አፈር የብስባሽ ሽታ ካለው ይጻፉት። ይህች አንዲት ቃል በደረጃ 10 ላይ ወሳኝ ትሆናለች።

ቀዩ አፈር በዚህ ፍተሻ ላይ ግራ ያጋባል። መጀመሪያ ሲነካ እንደ አሸዋ ይሻክራል፤ ጥቂት ውኃ ጨምረው ለአምስት ደቂቃ ያህል በጣት ሲያሹት ግን ሻካራነቱ እየጠፋ እንደ ቅቤ ይለሰልሳል። ያ የሻከረው ነገር አሸዋ ሳይሆን የተጣበቀ ሸክላ ነበር። ይህን በገዛ ጣቱ ያየ ሰው በወንፊቱ ውጤት አይታለልም።

## ደረጃ 3፦ የተፈጥሮ እርጥበት

1. ባዶውን ቆርቆሮ ከነክዳኑ ይመዝኑ፤ እርጥቡን አፈር ጨምረው እንደገና ይመዝኑ።
2. ክዳኑን ከፍተው ከ105 እስከ 110 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚሞቅ ኦቨን ውስጥ ያሳድሩ።
3. አውጥተው ክዳኑን ይግጠሙ፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ይመዝኑ። ትኩስ ቆርቆሮ ሚዛንን ያሳስታል።
4. የጠፋውን ውኃ ክብደት ለደረቁ አፈር ክብደት አካፍለው በ100 ያባዙ። ለእርጥቡ አፈር ክብደት ማካፈል የጀማሪ ስህተት ቢሆንም እስካሁን አልጠፋም።

ለቀይ አፈር አንድ ተጨማሪ ሥራ አለ። ከአንድ ናሙና ሁለት ቆርቆሮ አዘጋጅተው አንዱን በ105፣ ሌላውን በ50 ዲግሪ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ድረስ ያድርቁ። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠሩ የሞቃታማ አካባቢ አፈሮች ውስጥ ሃሎይሳይት የሚባል ማዕድን ሊኖር ይችላል፤ እሱም በአካሉ ውስጥ የያዘውን ውኃ በከፍተኛ ሙቀት ይለቃል። የሁለቱ ቆርቆሮዎች ውጤት በብዙ ከተለያየ በ105 ዲግሪ የተለካው ቁጥር የመዋቅሩንም ውኃ ጨምሮ ቆጥሯል ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ ዝቅተኛው ሙቀት ለቀሪው ምርመራ ሁሉ ይያዝ፤ በሪፖርቱም ይጠቀስ።

መብራት ከጠፋ። ሌሊቱን ኦቨኑ ለስንት ሰዓት እንደሠራ አይገምቱ። መብራቱ ሲመለስ ያስቀጥሉና በየሰዓቱ ይመዝኑ፤ ሁለት ተከታታይ ሚዛኖች እኩል እስኪሆኑ ድረስ ናሙናው አልደረቀም።

## ደረጃ 4፦ ሳያደርቁ ማዘጋጀት

የዚህ መመሪያ ዋና ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ለሊኩዊድ ሊሚትና ለፕላስቲክ ሊሚት (ጭቃው ሲድቦለቦል መሰባበር ለሚጀምርበት እርጥበት) የሚሆነው የጅማ አፈር ኦቨን ውስጥ መግባት የለበትም፤ ፀሐይ ላይም መሰጣት የለበትም። ቀይ አፈር ሲደርቅ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ እንደገና ሲረጥብ ሙሉ በሙሉ ስለማይላቀቁ የሚይዘው ውኃ ያንሳል፣ ሊኩዊድ ሊሚቱም ይወርዳል። ምርመራውን የሠራው ሰው የሚያገኘው ቁጥር ትክክለኛ ነው፤ ነገር ግን መሬት ውስጥ ያለው አፈር ሳይሆን የሌላ አፈር ቁጥር ነው።

እኔ ራሴ ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን ለመፍጨት እንዲመቸኝ ብዬ ሦስት የቀይ አፈር ናሙና ኦቨን ውስጥ አሳደርሁ። በማግስቱ ያገኘሁት ሊኩዊድ ሊሚት ቀደም ሲል በዚያው ቦታ ከተሠራው እጅግ ያነሰ ሆነ። ሁለት ቀን ሙሉ የካሳግራንዴውን ጽዋ፣ ማለትም ሊኩዊድ ሊሚት የሚለካበትን እየተነሳ የሚወድቅ ጽዋ፣ ከፍታ ሳስተካክልና ስለካ ከዋልሁ በኋላ፣ ፌስታል ውስጥ የቀረውን እርጥብ ትርፍራፊ አውጥቼ ስሠራው ቁጥሩ ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ጽዋው ምንም አልነበረበትም።

አዘገጃጀቱ እንደሚከተለው ነው።

1. ከናሙናው በተፈጥሮ እርጥበቱ እንዳለ አንድ ኪሎ ግራም ያህል ወስደው በሳፋ ውስጥ በተጣራ ውኃ ይዘፍዝፉ። የቧንቧ ውኃ በውስጡ ያለው ጨው የሸክላን ጠባይ ስለሚለውጥ ቢቀር ይመረጣል።
2. አንድ ሌሊት ካደረ በኋላ በጣትዎ አሽተው የ0.425 ሚሊሜትር ቀዳዳ ባለው ወንፊት ላይ ያሳልፉ። የሚያልፈው ውኃ ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ በትንሽ በትንሹ ውኃ ይጨምሩ።
3. ያለፈውን ጭቃ አስቀምጠው ያዝቅጡ፤ ከላይ የጠራውን ውኃ ዝቃጩን ሳይነኩ ቀስ አድርገው ይድፉ።
4. ወፍራም ጭቃውን በጀሶ በተሠራ ሳህን ላይ የማጣሪያ ወረቀት አንጥፈው ያፍስሱ። ጀሶው ውኃውን ይመጥጣል። ጀሶ ከሌለ በሰፊ ትሪ ጥላ ውስጥ ያስቀምጡት።
5. ጠርዙ ቀድሞ እንዳይደርቅ በየጊዜው ወደ መሐል ይመልሱት። የደረቀ ቅርፊት ከታየ አንስተው ይጣሉት እንጂ መልሰው አያቡኩት።
6. የወፍራም ጭቃ ሁኔታ ላይ ሲደርስ በፌስታል ጠቅልለው ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ቢያንስ 16 ሰዓት ያሳድሩ።

ከሥራ ቦታ የመጣው ናሙና ደርቆ ከደረሰ። ውኃ አርከፍክፈው እርጥብ ለማስመሰል አይሞክሩ። መሥራት ግድ ከሆነ «ናሙናው ደርቆ የደረሰ» ብለው በውጤቱ አናት ላይ ይጻፉ፤ የሚቻል ከሆነ ግን ሌላ ናሙና ያስወጡ።

## ደረጃ 5፦ በወንፊት መለየት

1. የእርጥቡን ናሙና ደረቅ ክብደት በስሌት ያግኙ፤ የእርጥቡን ክብደት ለ(1 + እርጥበት በመቶ ÷ 100) ያካፍሉ። ለምሳሌ እርጥበቱ 40 በመቶ የሆነ 600 ግራም አፈር 428.6 ግራም ደረቅ አፈር ይዟል።
2. ናሙናውን መበታተኛ ኬሚካል፣ ማለትም ሶዲየም ሄክሳሜታፎስፌት፣ ባለበት ውኃ ውስጥ ያሳድሩ።
3. በ0.075 ሚሊሜትር ወንፊት ላይ ይጠቡ። ይህ ወንፊት ስስ ስለሆነ ከላዩ የ2 ሚሊሜትር ወንፊት ይደርቡበት፤ በጣትም በቡርሽም አይጫኑት።
4. የቀረውን አድርቀው በ4.75፣ በ2፣ በ0.425 እና በ0.075 ሚሊሜትር ወንፊቶች ያራግፉ። በየወንፊቱ የቀረውን ይመዝኑ።
5. የጠፋው ሁሉ በ0.075 ያለፈ ደቃቅ ነው። መቶኛውን ያስሉ።

ደረቅ ቀይ አፈርን በቀጥታ በወንፊት ያራገፈ ሰው «አሸዋማ ነው» የሚል ውጤት ያገኛል፤ ያው አፈር ሲታጠብ ግን አብዛኛው ክፍል በ0.075 ወንፊት ያልፋል። በወንፊቱ ላይ የቀረውን ቅንጣት በጥፍርዎ ይጫኑት፤ ከፈረሰ አጠባው አላለቀም፣ እንደገና ይዘፍዝፉት። በብረት ዘነዘና ግን አይውቀጡ፤ እውነተኛውን የአሸዋ ቅንጣት ይሰብራሉ። ጫፉ ጎማ የለበሰ ዘነዘና ይበቃል።

## ደረጃ 6፦ ሃይድሮሜትር

ሃይድሮሜትር የድፍርስ ውኃን ጥግግት የሚያነብ ተንሳፋፊ መለኪያ ነው፤ ከ0.075 ሚሊሜትር በታች ያለውን ሲልትና ሸክላ የሚለየው ይህ ምርመራ ነው። ስሌቱ የቅንጣቶቹን ስፔሲፊክ ግራቪቲ (ከእኩል መጠን ውኃ አንጻር ያላቸውን ክብደት) ስለሚጠይቅ ደረጃ 9ን ጎን ለጎን ይጀምሩት።

1. በአንድ ሊትር ውኃ 40 ግራም ሶዲየም ሄክሳሜታፎስፌት ያሟሙ። ይህ ድብልቅ ከወር በላይ ከቆየ ኃይሉ ስለሚደክም በጠርሙሱ ላይ የተዘጋጀበትን ቀን ይጻፉ።
2. ደረቅ ክብደቱ 50 ግራም የሆነ አፈር በ125 ሚሊሊትር ድብልቅ ውስጥ ቢያንስ 16 ሰዓት ይዘፍዝፉ።
3. በማቀላቀያ ማሽን በጥብጠው ወደ 1000 ሚሊሊትር ሲሊንደር ያዛውሩና እስከ ምልክቱ ድረስ ውኃ ይሙሉ።
4. አፉን በመዳፍ ከድነው ለአንድ ደቂቃ ወደ ታችና ወደ ላይ ይገልብጡ። ሲሊንደሩን ሲያስቀምጡ ሰዓት ይጀምሩ።
5. በ2፣ 5፣ 15፣ 30፣ 60፣ 250 እና 1440 ደቂቃ ያንብቡ። ሃይድሮሜትሩን ከንባቡ 20 ሰከንድ ያህል ቀድመው ቀስ ብለው ያስገቡ፤ ካነበቡ በኋላ አውጥተው በንጹሕ ውኃ ውስጥ ያቆዩት።
6. በእያንዳንዱ ንባብ የውኃውን ሙቀት ይለኩ። አፈር በሌለበት፣ 125 ሚሊሊትር ድብልቅና እስከ ምልክቱ የተሞላ ውኃ ብቻ በያዘ ሁለተኛ ሲሊንደር ማረሚያውን ያንብቡ።

ሲሊንደሩን መስኮት አጠገብ አያኑሩ፤ በቀንና በሌሊት መካከል የሚፈጠረው የሙቀት ልዩነት አዘቃቀጡን ያዛባዋል።

በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከላይ ጥርት ያለ ውኃ፣ ከታች ጉም የመሰለ ዝቃጭ ከታየ ሸክላው ተጓጉሏል። ንባቡን አይቀጥሉ። አዲስ ድብልቅ ሠርተው በሌላ ናሙና እንደገና ይጀምሩ። አረፋ ምልክቱን ከጋረደ አንድ ሁለት ጠብታ አልኮል ያጠፋዋል። ቀይ አፈርን ረዘም ላለ ጊዜ በበጠበጡት ቁጥር የሸክላው መቶኛ ሊጨምር ስለሚችል የመበጥበጫውን ደቂቃ ለሁሉም ናሙና አንድ ያድርጉና ይመዝግቡት።

## ደረጃ 7፦ ሊኩዊድ ሊሚት

ሊኩዊድ ሊሚት አፈሩ ከሚቦካ ነገርነት ወደ ፈሳሽነት የሚሻገርበት የእርጥበት መጠን ነው። የስዊድኑ አልበርት አተርበርግ ወሰኖቹን አስቀመጠ፤ ዛሬ የምንጠቀምበትን ጽዋ የሠራው አርተር ካሳግራንዴ ነው።

መሣሪያውን መፈተሽ። ጽዋው የሚወድቅበት ከፍታ በትክክል 10 ሚሊሜትር ይሁን፤ በመለኪያው ይፈትሹት። የጽዋው ታች ከመቀመጫው ጋር በሚጋጭበት ነጥብ ላይ የተበላ ጠባሳ፣ ወይም የጽዋው ውስጥ በመሰንጠቂያው የተቦረቦረ መስመር ካለ ይቀይሩት። የመሰንጠቂያው ጫፍ ተበልቶ ከሰፋ እሱም ይቀየር።

1. ያደረውን ጭቃ በመስታወት ሰሌዳ ላይ በስፓቹላ በደንብ ያሹት።
2. በጽዋው ውስጥ ጥልቀቱ 10 ሚሊሜትር ያህል እንዲሆን አድርገው ያንጥፉ፤ አየር እንዳይቀር ከመሐል ወደ ጠርዝ ይጫኑት።
3. መሰንጠቂያውን ከጽዋው ገጽ ጋር ቀጥ አድርገው ይዘው መሐሉን ይክፈሉ። ለመሰንጠቅ የሚያስቸግር ከሆነ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በጥቂት ቀላል ምት ያድርጉት።
4. እጀታውን በሰከንድ ሁለት ጊዜ በሚሆን ፍጥነት ያዙሩ። ሁለቱ ግማሾች ከታች በ13 ሚሊሜትር ርዝመት ሲገናኙ ያቁሙና እስከዚያ የቆጠሩትን ምት ይመዝግቡ።
5. ከተገናኙበት ስፍራ ናሙና ወስደው እርጥበቱን ይለኩ።
6. ቀሪውን ወደ ሰሌዳው መልሰው እርጥበቱን ለውጠው ይድገሙ። አንዱ ነጥብ ከ25 እስከ 35፣ ሁለተኛው ከ20 እስከ 30፣ ሦስተኛው ከ15 እስከ 25 ምት ውስጥ ይውደቅ።
7. የምቱን ቁጥር በሎጋሪዝም፣ እርጥበቱን በተራ መለኪያ አድርገው ነጥቦቹን ያስቀምጡና ቀጥታ መስመር ያስምሩ። በ25 ምት የሚነበበው እርጥበት ሊኩዊድ ሊሚት ነው።

ከደረቅ ወደ እርጥብ ይሂዱ፤ ማለትም ከብዙ ምት ጀምረው ውኃ እየጨመሩ ይቀጥሉ። ጭቃው ከቀጠነብዎ በሰሌዳ ላይ እያሹ በአየር ያጠንክሩት፤ ደረቅ አፈር መጨመር ግን ክልክል ነው።

ነጥቦቹ በአንድ መስመር ላይ ካላረፉ አንደኛው ናሙና ውኃው ሳይዋሐድ ተለክቷል። ዋልካ ላይ ይህ ብዙ ያጋጥማል። ጠቅልለው እንደገና ያሳድሩት። ግማሾቹ ከመፍሰስ ይልቅ በጽዋው ላይ ከተንሸራተቱ ውኃ ጨምረው ይሞክሩ፤ አሁንም ከተንሸራተቱ አፈሩ ለዚህ ምርመራ የሚሆን ፕላስቲክነት የለውም።

## ደረጃ 8፦ ፕላስቲክ ሊሚት

1. 20 ግራም ያህል ወስደው እጅ ላይ እስከማይጣበቅ ድረስ ያጠንክሩት።
2. ከ1.5 እስከ 2 ግራም የሚመዝን ቁራጭ ቆርሰው በመስታወት ላይ በጣቶችዎ ያድቦልቡሉት። ውፍረቱን ከ3.2 ሚሊሜትር የብረት ዘንግ ጋር ያስተያዩ።
3. 3.2 ሚሊሜትር ደርሶ ካልተሰባበረ ጨፍልቀው መልሰው ይጠቅልሉት። በዚያ ውፍረት ላይ ሲሰባበር ፍርፋሪውን ወዲያው ክዳን ያለው ቆርቆሮ ውስጥ ይክተቱ።
4. በእያንዳንዱ ቆርቆሮ ቢያንስ 6 ግራም እስኪሞላ ይቀጥሉ፤ ሁለት ቆርቆሮ ይሙሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ትዕግሥት ሲያልቅበት ነው፤ ክሩን ሆን ብሎ በጣት ተጭኖ ይሰብረዋል። ክሩ በራሱ ይሰበር። ቆርቆሮው ክፍት ሆኖ ከቆየ ደግሞ ፍርፋሪው እየደረቀ ውጤቱን ያወርደዋል።

ከሊኩዊድ ሊሚቱ ላይ ፕላስቲክ ሊሚቱ ሲቀነስ ፕላስቲሲቲ ኢንዴክስ ይገኛል።

## ደረጃ 9፦ ስፔሲፊክ ግራቪቲና ነፃ እብጠት

ስፔሲፊክ ግራቪቲ በፒክኖሜትር (መጠኑ በትክክል በታወቀ ጠርሙስ) ሲለካ ዋናው ነገር አየሩን ማውጣት ነው፤ ጠርሙሱን በቫኪዩም ያቆዩ ወይም ቀስ አድርገው ያፍሉ፤ አረፋ መውጣቱ እስኪቆም አይመዝኑ። ብረት የበዛበት ቀይ አፈር ከ2.70 በላይ ቢሆን እንግዳ ነገር አይደለም። ከ2.50 በታች ከወረደ ወይ አየር ቀርቷል፣ ወይ ብስባሽ አለበት።

ነፃ እብጠት፣ ማለትም ደረቅ አፈር ውኃ ውስጥ ሲገባ በመጠን የሚጨምርበት መቶኛ፣ ለመለካት ቀላል ነው። ከደረጃ 4 በተቃራኒ እዚህ ደረቅ አፈር ይፈለጋል፤ በ0.425 ወንፊት ያለፈ 10 ሚሊሊትር ደረቅ አፈር ውኃ በሞላ የ100 ሚሊሊትር ሲሊንደር ውስጥ ቀስ በቀስ ይጨምሩና 24 ሰዓት ያቆዩ። የአፈሩ ከፍታ 19 ሚሊሊትር ላይ ካረፈ እብጠቱ 90 በመቶ ነው። ከ50 በታች ከሆነ ብዙ አያሰጋም፤ 100 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ መሠረቱን የሚነድፈው መሐንዲስ ሳይውል ሳያድር ሊነገረው ይገባል።

## ደረጃ 10፦ ስያሜ መስጠት

ለሕንፃ መሠረት በአብዛኛው የተዋሐደው የአፈር ምደባ ሥርዓት (ዩኤስሲኤስ)፣ ለመንገድ ደግሞ አሽቶ የሚባለው የአሜሪካ የመንገድ ባለሥልጣናት ማኅበር ምደባ ይሠራበታል። ሁለቱንም ያድርጉ።

በተዋሐደው ሥርዓት። ግማሽና ከዚያ በላይ የሚሆነው በ0.075 ወንፊት ካለፈ አፈሩ ደቃቅ ነው። 0.73 × (ሊኩዊድ ሊሚት − 20) ያስሉ፤ ይህ «ኤ-መስመር» ይባላል። ፕላስቲሲቲ ኢንዴክሱ ከመስመሩ በላይ ከሆነ ሸክላ፣ በታች ከሆነ ሲልት ነው። ሊኩዊድ ሊሚቱ 50 እና በላይ ከሆነ ከፍተኛ፣ ከ50 በታች ከሆነ ዝቅተኛ ይባላል።

ለማሳያ የሚሆኑ ሁለት ናሙናዎች እንውሰድ። ቀዩ 86 በመቶ ደቃቅ፣ ሊኩዊድ ሊሚቱ 68፣ ፕላስቲክ ሊሚቱ 38፣ ኢንዴክሱ 30 ነው። መስመሩ 35.0 ስለሚሆን ናሙናው በታች ይወድቃል፤ ስያሜው ኤምኤች (ከፍተኛ ፕላስቲክነት ያለው ሲልት) ነው። ዋልካው 94 በመቶ ደቃቅ፣ ሊኩዊድ ሊሚቱ 92፣ ፕላስቲክ ሊሚቱ 36፣ ኢንዴክሱ 56 ነው። መስመሩ 52.6 ስለሆነ በላይ ይወድቃል፤ ሲኤች (ከፍተኛ ፕላስቲክነት ያለው ሸክላ) ይባላል።

በአሽቶ። ከ35 በመቶ በላይ ደቃቅ፣ ሊኩዊድ ሊሚቱ ከ40 በላይ፣ ኢንዴክሱም ከ10 በላይ የሆነ አፈር ኤ-7 ነው። ኢንዴክሱ ከ(ሊኩዊድ ሊሚት − 30) ካልበለጠ ኤ-7-5፣ ከበለጠ ኤ-7-6 ይሆናል። የቀዩ ልዩነት 38፣ የዋልካው 62 ስለሆነ ሁለቱም ኤ-7-5 ናቸው። የቡድን ኢንዴክሱን፣ ማለትም በአንድ ቡድን ውስጥ ያለውን አፈር ድክመት የሚያሳየውን ቁጥር፣ እንዲህ ያስሉ፦

(ደቃቅ − 35) × [0.2 + 0.005 × (ሊኩዊድ ሊሚት − 40)] + 0.01 × (ደቃቅ − 15) × (ፕላስቲሲቲ ኢንዴክስ − 10)

ለቀዩ 17.34 እና 14.20 ተደምረው 31.54፣ ማለትም 32 ይሆናል። ለዋልካው 27.14 እና 36.34 ተደምረው 63.48፣ ማለትም 63 ይሆናል።

እዚህ ላይ ቆም ብለው ያስተውሉ። ቤት የሚሰነጥቀው ዋልካና ለዘመናት የጭቃ ቤት የቆመበት ቀይ አፈር በአሽቶ አንድ ስም ወጥቶላቸዋል፤ የሚለያቸው በቅንፍ የሚጻፈው የቡድን ኢንዴክስ ብቻ ነው። ስለዚህ «ኤ-7-5» ብሎ የሚያበቃ ሪፖርት በጅማ ምንም አልተናገረም ማለት ይቻላል። የቡድን ኢንዴክሱና ነፃ እብጠቱ አብረው ይጻፉ።

የብስባሽ አፈር ጥርጣሬ። ደንቡ ኦቨን የገባው አፈር ሊኩዊድ ሊሚት ኦቨን ካልገባው ከ0.75 እጅ በታች ከወረደ አፈሩ ኦርጋኒክ ነው ይላል። ቀይ አፈር ግን ብስባሽ ሳይኖርበት በማዕድኑ ጠባይ ብቻ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ በደረጃ 2 የጻፉትን ሽታና ቀለም ይመልከቱ። ጥቁርና የሚሸት የረግረግ አፈር ከሆነ ኦርጋኒክ ነው ይበሉ፤ ሽታ የሌለው ቀይ ከሆነ ኤምኤችነቱን አጽንተው፣ ሲደርቅ ጠባዩ የሚለወጥ አፈር መሆኑን ከስሙ ቀጥሎ ይጻፉ።

የእጅ ፍተሻውና የላቦራቶሪው ቁጥር ከተጋጩ ሪፖርቱን አይላኩ። ክሩ በእጅ ላይ ጠንካራ፣ ደረቅ ኳሱ የማይሰበር ሆኖ ሳለ ቁጥሩ ኤምኤል (ዝቅተኛ ፕላስቲክነት ያለው ሲልት) ካለ፣ በቅድሚያ ናሙናው በየትኛውም ደረጃ ደርቆ እንደነበር ይጠይቁ፤ ቀጥሎ መለያ ወረቀቶቹ እንዳልተቀያየሩ ያረጋግጡ፤ ጽዋውን የሚለኩት ከዚህ በኋላ ነው። ለዚህ ድግግሞሽ እንዲሆን ከእያንዳንዱ ናሙና ሁለት ኪሎ ግራም ያህል በፌስታል እንደታሸገ፣ ሪፖርቱ ተቀባይነት እስኪያገኝ ድረስ በጥላ ስፍራ ያቆዩ።